ሐሙስ ቀን በሮም፣ ከካዛንቺስ ልጅ ጋር

ሮም ከገባሁ አንድ ወር ከሳምንት ሆኖኝ ነበር። አንድ ማታ ጓደኛዬ ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «አንቺ፣ አራሷ ማን ናት? ልጅሽ ናት ወይስ አንቺ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሄድኩት ሴት ልጄ ሁለተኛዋን ስትወልድ ላግዛት ነበር። ገንፎ ሳገነፋ፣ አጥሚት ሳፈላ፣ ሕፃኗን ሳጥብና ሳሽ ከረምኩና ከተማዋን ያየኋት አራተኛ ፎቅ ባልኮኒ ላይ ቆሜ ጨርቅ ሳሰጣ ብቻ ነው። ልጄ «እማዬ፣ ቅዳሜ እናወጣሻለን» ትለኛለች። ቅዳሜ ይመጣል፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ባሏ ሥራ ይጠራል፣ ቅዳሜም ይሄዳል። ውጭ አገር ልጆቻችሁ ዘንድ ሄዳችሁ የምታውቁ ወላጆች ይህን ስታነቡ ራሳችሁን እንደምትነቀንቁ አውቃለሁ። አገር አየን ብለን እንመለሳለን፤ ያየነው ግን ኩሽና ነው።

ጓደኛዬና እኔ ያደግነው ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እሷ በ1979 ዓ.ም. አንዲት መነኩሲት ባገኙላት ሥራ ወደ ጣሊያን ሄደች፤ እነሆ 38 ዓመት ሆናት። መጀመሪያ የሰው ልጆች አሳደገች፤ ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ደግሞ የሰው እናቶች መጦር ጀመረች። አሁን አብራቸው የምታድረው ሲኞራ 94 ዓመታቸው ነው። በዚያ አገር ቤት ውስጥ አድረው የሚሠሩ ሰዎች ዕረፍታቸው በቆየው ልማድ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። «የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ጠዋቱንም ለምኜ አስፈቅጃለሁ» አለችኝ። «ጫማሽ ተረከዝ የሌለው ይሁን» ብላ ዘጋችው።

ቀኑ ደርሶ ልወጣ ስል ልጄ፣ «በእናትሽ ይሄንንም ይዘሽልኝ ውጪ» ብላ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን የልጅ ልጄን ጨመረችልኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቱን እያመሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። በስልክ እያለን ነገሩ አይታወቅም ነበር፤ ይስቃል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ «ቻው ኖና» ይላል፣ ይበቃኛል። ኖና ማለት አያት ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን አንድ ወር ሙሉ ከ«ቻው ኖና» አላለፍንም። የምንነጋገረው በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚዋ እናቱ ናት፤ እናቱ ደግሞ አራስ ናት። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህ ልጅ ሲያድግ ስለ እኔ ምን ያስታውስ ይሆን እላለሁ። ገንፎ የምታገነፋ ዝምተኛ አሮጊት?

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተገናኘን። ጓደኛዬ ስማ፣ አገላብጣ ስማ፣ «በይ፣ ከአገርሽ ሰዎች ሥራ እንጀምር» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የቆምንበት ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል። ከየትም ዓለም ሰው ሮም ሲገባ መጀመሪያ የሚረግጠው በአሉላ ምክንያት ስም የወጣለትን መሬት ነው።

ጥቂት ራመድ ብለን ከጥንቱ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ወዳለች ትንሽ የአትክልት ቦታ ወሰደችን። እዚያ የሟቾቹ መታሰቢያ አለ፤ ሐውልቱ ራሱ ከግብፅ የመጣ፣ በፈርዖን ራምሴስ ዘመን የተጠረበ ነው፤ ከሥሩ የወታደሮቹ ስም ተጽፏል። ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት የምናውቀው የይሁዳ አንበሳም በወረራው ጊዜ ተነቅሎ ተወስዶ እዚሁ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ከኤርትራ የሄደው ወጣት ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ ተንበርክኮ ያለቀሰው፣ ሊያነሡት የመጡትንም በጎራዴ የመታው በዚህ ቦታ እንደሆነ ይነገራል። ዘርዓይ ከዚያ ወዲያ አገሩን አላየም፤ እዚያው በእስር ሞተ።

ይህን ሁሉ ጓደኛዬ በሁለት ቋንቋ ትነግረናለች፤ ለእኔ በአማርኛ፣ ለልጁ በጣሊያንኛ። እኔ እንባዬ መጣ። የልጅ ልጄ እርግብ ያባርራል። ተቆጣሁ። «ተይው» አለችኝ። «እኔም ከዚህ ሦስት መቶ ሜትር ርቄ ሃያ ዓመት ስሠራ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ነው ያስነበበኝ።»

ቡና ጠጣን፤ ቆመን። በጣሊያን ቡና ቤት ባንኮው ላይ ተደግፎ ነው የሚጠጣው፤ ወንበር ስቦ ለተቀመጠ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይጨምራል። በሁለት ጉንጭ ያልቃል። ለእኛ፣ ቡና ማለት ሦስት ዙር፣ ዕጣንና ወሬ ለሆነልን ሰዎች፣ ምኑም ቡና አይደለም። ጓደኛዬ ለምዳዋለች። «ጊዜ የለማ» አለች፣ እንደዋዛ።

ከዚያ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ወረድን። ደረጃው ላይ ጓደኛዬ፣ «ቦርሳሽን ወደ ፊት አድርጊ፤ እዚህ ሌባ አለ» ስትለኝ የልጅ ልጄ ቀና ብሎ አየንና፣ «ቦርሳ!» አለ። ቦርሳዬን በጣቱ እየጠቆመ ነው። በእሱ ቋንቋም ቦርሳ ቦርሳ ነው ለካ።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ካልሲውን ነካሁና «ካልሲ» አልኩት። «ካልሴ!» አለ፣ ዓይኑ በርቶ። ጓንት አልኩ፤ «ጓንቲ»። ጋዜጣ፤ «ጋዜታ»። ባንዲራ፤ «ባንዲየራ»። ኩሽናን ኩቺና ነው ብሎ ተቀበለኝ። ባቡሩ መጥቶ ገባን፤ ሰው ያየናል፤ እኛ ግን አላቆምንም። ፖስታ፣ ሲሚንቶ፣ ጣውላ፣ ቢራ፣ መኪና። ጓደኛዬ ትስቃለች። የማውቀው ሲያልቅብኝ ባለቤቴ ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ መካኒክ ነበር፤ ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህን ልጅ አላየውም። ማታ ከጋራዥ ሲገባ እጁን በግራሶ መጥረጊያ ጨርቅ እያበሰ ስለ ቀኑ ሥራ ሲያወራኝ ከቃላቱ ግማሹን አልሰማውም ነበር። በባቡሩ ውስጥ አንድ በአንድ መጡልኝ። ካቻቢቴ አልኩ። «ካቻቪቴ!» ብሎ በእጁ ብሎን የሚያጠብቅ መስሎ አሳየኝ። ፒንሳ። ፍሬን። ፍሪሲዮን። ቺንጊያ። ማርሚታ ስለው ሳቀ። ካንዴላ ስለው ግን ግራ ገባው፤ ለእሱ ካንዴላ ሻማ ነው። «መኪና ውስጥ ሻማ?» ብሎ ጓደኛዬን ጠየቃት። እሷም መኪናን የሚያስነሣው እሳት ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት አቅቷት ወደ እኔ አየች። እኔ ደግሞ የመካኒክ ሚስት ነኝ፤ በእጄም በአፌም አስረዳሁት። «ኖና፣ ማን ነው ያስተማረሽ?» አለ፤ ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ። «አያትህ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ የአያቱን ስም ጠየቀኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእናቱን ስም ከነአባቷ ሲሰማ የኖረ ልጅ፣ ሁለተኛው ስም የሰው ስም መሆኑን ያን ዕለት ነው የገባው መሰለኝ።

ከቴርሚኒ ሦስተኛው ፌርማታ «ቺርኮ ማሲሞ» ነው። የጥንት ሮማውያን በፈረስ ጋሪ ይወዳደሩበት የነበረ ሜዳ ነው፤ ዛሬ ሣር የበቀለበት ረጅም ሸለቆ ብቻ ነው የሚታየው። ፀሐዩ በርትቷል። ጥላ ፈልገን ተቀመጥንና ጓደኛዬ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ፒዛ አወጣች። የሐዋርያት ጾም ላይ ስለነበርን ተጨንቄ ነበር፤ እሷ ግን አስባበታለች። ሮማውያን «ፒዛ ሮሳ» የሚሉት አለ፤ ሰልሳ ብቻ የተቀባ፣ አይብ የሌለው፣ በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጥ። የጾም ፒዛ ማለት ነው። ለጾም ሰው ሮም እንደሚፈራው አይደለም።

ውኃ መግዛትም አያስፈልግም። በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፤ ሰዎቹ «ናዞኔ» ይሉታል፣ ትልቅ አፍንጫ እንደማለት፤ የቧንቧው ጫፍ አፍንጫ ስለሚመስል ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ልቀዳ ስል የልጅ ልጄ ያዘኝና የአፍንጫውን ቀዳዳ ከታች በጣቱ ደፈነው፤ ውኃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቅስት ሠርቶ ወጣ። አፌ ድረስ መጣልኝ። ነጠላዬም ራሰ።

ከሜዳው ጫፍ ላይ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ የምንለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። ሲታቀድ ግን ለሌላ ነበር፤ ጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿን የምታስተዳድርበት ሚኒስቴር እንዲሆን ነው የተጀመረው። የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በ1930 ዓ.ም. የተተከለው ከዚሁ ሕንፃ ፊት፣ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ ላይ ነበር። ጓደኛዬ መንገዱን አሻግራ አመጣችንና፣ «ይኸው» አለች።

ምንም የለም። መኪና ይዞራል፤ በአንድ ጥግ ለሌላ ነገር መታሰቢያ የቆሙ ሁለት አጫጭር ዓምዶች አሉ። ሌላው ባዶ ነው።

«እዚህ ነበር የምንገናኘው» አለችኝ። «ሐሙስ ሐሙስ። ስልክ የለ፣ ቤት የለ፤ የሰው ቤት ነው የምናድረው። ‹ሐውልቱ ጋ› ከተባባልን አለቀ። ደብዳቤ የመጣላት ታነብልናለች፤ ለቅሶ የመጣባትም እዚህ ነው የምትቀመጠው። የእናቴን መርዶ የተረዳሁት እዚች ጋ ነው።» እናቷ ባረፉ ጊዜ የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ መሄድ አልቻለችም ነበር። ያን ጊዜ እዚህ እኛ ነበርን የቀበርናቸው፤ ሠልስት ድረስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ጥለን ተቀምጠናል። እሷ የት ሆና እንዳለቀሰች ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ሐውልቱን መብረቅ ሲመታው በማግስቱ ሮጣ መጥታ አይታለች። በ1996 ማፍረስ ሲጀምሩም ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ታይ ነበር፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወረደ። በሚያዝያ 1997 በአውሮፕላን ተጭኖ አክሱም ሲገባ ያየችው በቴሌቪዥን ነው። ጣሊያን ልትመልስ በ1947 እ.ኤ.አ. ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ ከተወሰደ በ68 ዓመቱ ተመለሰ። «እልል አልኩ» አለችኝ። «ያኔ የምጦራቸው ሲኞራ ደንግጠው ከመኝታቸው ተነሡ። ማታ እሳቸውን አስተኝቼ ወጥ ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ። እሱ አገሩ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። ደግሞ ከዚያ ወዲያ የት እንገናኝ?»

ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ አመጣችው። «ካዛንቺስስ? በስልክ የሚለቁትን አያለሁ። የእኛ ግቢ ግን… እሱም ሄደ?»

አንድ ወር ከሳምንት ሙሉ ወሬ እየቀየርኩ ሸሽቼው ነበር። ወንድ ልጄ የላከልኝ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ከተነሣ በኋላ ያነሣው ነው። አውጥቼ ሰጠኋት። የተደለደለ አፈር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ከሩቅ ክሬን። በሁለት ጣቷ እየለጠጠች አየችው። «በራችን የት ጋ ነው?» አለችኝ። እኔ፣ ስልሳ ዓመት እዚያ የኖርኩት፣ መጠቆም አልቻልኩም። መንገዱም ተቀይሯል፤ የቧንቧው ቦታም የለም። «እዚህ ጋ ይመስለኛል» አልኩ። እየገመትኩ እንደሆነ አውቃለች፤ አልተከራከረችኝም።

የልጅ ልጄ በመሐላችን ራሱን አስገብቶ ፎቶውን አየና ምን እንደሆነ ጠየቃት። «ካዛንቺስ» አለችው። «ካዛ?» አለ። «ቤት?» በአማርኛ ነው ያለው፤ ቤት ብሎ። እውነቱን ነው፤ ስሙ የመጣው ጣሊያኖቹ በወረራው ጊዜ ኢንቺስ በተባለ ተቋማቸው በኩል ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው መኖሪያዎች ነው፤ ካዜ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች። ልጁ ፎቶውን እንደገና አየና ቤቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀ። ጓደኛዬ በጣሊያንኛ ረጅም ነገር መለሰችለት። አልተረጎመችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ቀጥሎ የጠየቃትን ግን እየሳቀች ነገረችኝ። «አክሱም ላይ ከተተከለ በኋላ ሐውልቱ እንዴት ነው? ትልቅ ነው? ይላል።» ተያየን። እሷ ሐውልቱን የምታውቀው ሮም ላይ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ኢትዮጵያ ኖሬ አክሱም ሄጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ይመለስልን ብለን ስንጮህ የነበርን ሰዎች፣ በ2000 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ ሄጄ ልየው ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ሁለታችሁም አላያችሁትም?» አለ ልጁ። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«በል ተነሣ፤ አሁን ደግሞ ሩጫ ነው» አለችው ጓደኛዬ። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የተከተለውን ሞሮኳዊ ጥሎ የወጣው በዚህ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነበር፤ ከዚህ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ያለው ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የመጨረሻው ሩጫ ነው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመት በዓል ዋዜማ ነበር፤ ሰዓቱ 2:15:16። አባቴ ወሬውን የሰማው በዕንቁጣጣሽ ማለዳ እንደነበር ደጋግሞ ይነግረን ነበር። ያችን የሰማናትን መንገድ ነው በእግራችን የሄድንባት። መሐል ላይ ግድግዳ ላይ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ። በ2002 ዓ.ም. የሮም ማራቶን ሃምሳኛ ዓመቱ ሲታሰብ አገራችን ልጅ ሲራጅ ገና ጫማውን አውልቆ የመጨረሻውን 300 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በዚሁ በዓል ነው።

ጓደኛዬ ጽሑፉን ለልጁ አንብባለት ስታበቃ ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ከመቆም ብዛት አብጧል። ጫማውን በእጇ ይዛ መራመድ ጀመረች። ልጁም ወዲያው አወለቀ። የሰኔ ፀሐይ ሲያነድደው የዋለ መንገድ ነው፤ አሥር እርምጃ ሳትሄድ «ኧረ ወዲያ! አበበ የሮጠው ማታ ነው!» ብላ እየዘለለች መልሳ አጠለቀች። ልጁ ግን ቅስቱ ድረስ ሮጦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ቱሪስት ሁሉ እያየው ገባ። ስደርስ እግሩን በነጠላዬ ጠረግኩለት። ኮሎሲየም እዚያው አጠገብ ነው፤ ሰልፉን አይተን ከውጭ ተሰናበትነው። ድንጋይ ነው፤ አይሄድም።

ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። የሲኞራዋ መድኃኒት ሰዓት ማስታወሻ ነው፤ በዕረፍት ቀንም አታጠፋውም። ቴርሚኒ ላይ ስንለያይ የልጅ ልጄን ሁለት ጊዜ ስማ፣ እኔን ደግሞ ጆሮዬ ሥር «ፎቶውን ላኪልኝ» አለችኝ። ላክሁላት።

በማግስቱ ጠዋት የሕፃኗን ጋሪ ጎማ ላጠብቅ ስታገል የልጅ ልጄ ከአባቱ መሳቢያ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ቃሉን በአያቱ አነጋገር ነው የጠራው። ልጄ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «ይሄንን ደግሞ ከየት አመጣው?» አለች።

እሑድ ጓደኛዬ ደወለች። ልጁ ስልኩን ነጥቆኝ ረጅም አወራት፤ «አክሱም» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። ስልኩን ሲመልስልኝ፣ «ከገና በኋላ ሦስታችን እንሂድ ይላል» አለችኝ። ሳቀች። «ሲኞራዋን ለማን ጥዬ?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ከአዲስ አበባ አክሱም ስንት ሰዓት ነው?»

እኔም አላውቅም ነበር። «ጠይቄ ልንገርሽ» አልኳት።